ሦስቱን የሚያያይዘው መስመር

መስከረም 22

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ከደጃፍዎ ይድረስ። እጅዎ አይዛል፣ ዓይንዎ አይድከም፣ የወናፍዎ እሳት አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው ፋብሪካ የመኪና ወንበር ልባስ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ቆዳና ጥቁር ክር ሳይ ስለምውል ሕልሜም ጥቁር ስፌት ሆኗል። ተቆጣጣሪዋ «ይህን እጅ ከማን ወሰድሽው?» ስትለኝ «ከአክስቴ» እላታለሁ። እውነቴን ነው። በልጅነቴ ጉጠት አያያዝ ባያሳዩኝ ኖሮ መርፌውም እምቢ ይለኝ ነበር።

አሁን ላስቸግርዎ ነው። ለአባባ የጻፍኩትን ሳይሰሙ አልቀሩም፤ የባሃኢን እምነት ተቀብያለሁ። አባባ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ አላውቅም። ከእርስዎ ግን ደብቄ የማውቀው ነገር ስለሌለ አሁንም አልጀምርም።

ከዚህ ጋር ያለው ሥዕል የቀለበት ነው፤ የእምነታችን ሰዎች በጣታቸው የሚያደርጉት ምልክት። እዚህ በማሽን የተሠራ ሞልቷል። እኔ ግን የእርስዎ መዶሻ ያረፈበትን ነው የምፈልገው። ትርጉሙን ሳያውቁ ምንም እንደማይሠሩ ስለማውቅ ልንገርዎ። ከላይ ያለው አግድም መስመር የፈጣሪ ዓለም ነው። የታችኛው የእኛ የሰዎች ነው። የመካከሉ ደግሞ በየዘመኑ ቃሉን ይዘው የሚመጡት የመልእክተኞቹ ዓለም ነው። ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ቁም መስመር ሦስቱን ያያይዛቸዋል። ግራና ቀኝ ያሉት ባለ አምስት ጫፍ ኮከቦች በዚህ ዘመን የመጡት ሁለቱ መልእክተኞች ናቸው። ከቀለበቱ ውስጠኛ ጎን ደግሞ ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ በትንሹ ቢቀርጹልኝ ደስ ይለኛል። ዘጠኝ ከነጠላ ቁጥሮች ትልቁ ነው፤ የቀሩት ሁሉ በሱ ውስጥ ያድራሉ። ለእኛ የሙላትና የአንድነት ቁጥር ነው።

ክታብ ነው ብለው እንዳያስቡ። ከክፉ ዓይን ያድነኛል ብዬም አይደለም። በእምነታችን የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ይህን ማለት ቀላል ነው፤ አጠገቤ የምትሰፋው ሴት ክሬን ስትወስድብኝ ግን እረሳዋለሁ። ያኔ እጄን አይና ትዝ እንዲለኝ ነው።

ከዚህ የሚያስፈልግዎ ዕቃ ካለ ይጻፉልኝ። አባባንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ባይመልስም።

የእርስዎው
የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 30

ለጉንጬ፣

ሰላምታዬ በፖስታ ቤቱ መስኮት አልገባ ስላለኝ ግማሹን አጥፌ ነው የላክሁልሽ፤ የቀረውን ስትመጪ ትወስጃለሽ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ጉንጬ ብዬ መጥራቴን አልተውኩም፤ በዚያ ጥቁር ክር ሳይከሳ አልቀረም እንጂ።

ቀለበትሽ አልቋል። ሥዕሉን መጀመሪያ ሳየው እባብ መሰላል የወጣ ነበር የመሰለኝ፣ ይቅር ይበለኝ። ሦስቱን አግድም መሥራት ቀላል ነው፤ ማንም ጀማሪ ይሠራዋል። ያስቸገረኝ ያ የሚያያይዘው ነው። አንዱን ስበይደው ሌላው ይለቃል፤ ሌላውን ስይዘው የመጀመሪያው ይቀልጣል። ሁለት ጊዜ አቅልጬ እንደገና ጀመርኩ። ልክ እንደኛ ቤተሰብ ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ለአባትሽም ነገርኩት። እሱ ግን ጋዜጣውን ገለጠና «ምን አገባኝ» አለ። ጋዜጣው የባለፈው ሳምንት ነው።

ስለ እምነትሽ ምንም አልልም። እኔ በራሴ እምነት ተወልጄ በሱው አረጃለሁ። ሰው ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው ያልሽው ግን መልካም ነው፤ አማቾቼን ስለማታውቂያቸው ነው እንጂ።

አሁን ደስ የሚለውን ስሚ። ላንቺ ከሠራሁት ሌላ አንድ ለሙከራ የሠራሁት ነበርና በመስኮቱ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። የክሊኒኩ አዋላጅ ስታልፍ አይታው ቆመች። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ አፏ ቀልድ የማያጣ ሴት ናት። ገባችና በብርሃን አገላብጣ ካየችው በኋላ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። «የወንድሜ ልጅ» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለካ የናንተ ሰዎች እዚህም አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ አንድ እያሉ መጡ፤ ሁሉም ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። አዋላጇ ጣቷ ከመገጣጠሚያው ላይ ወፍራም ስለሆነ ቀለበቷን ሰፋ አድርጌ ሠራሁላት፤ እንዳይወልቅብሽ ብያታለሁ።

እጄ ሥራ በዛበት። ደህና የብረት መቅረጫ ብትልኪልኝ አልጠላም፤ የኔው ደንዟል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ትናንት አንድ ጃኬት የለበሰ ሰው መጥቶ ቀለበቱን አየና ዋጋውን ሳይጠይቅ «ብዙ ሰው ያዝዘዋል?» አለኝ። «እንደ ገበያው ነው» አልኩት። አመስግኖ ሄደ። ምናልባት ነጋዴ ይሆናል።

አክስትሽ


ኅዳር 19

ለውድ አክስቴ፣

ጤናዎ እንደ ልቤ ምኞት ይሁን። ደብዳቤዎን በእረፍት ሰዓት ከፋብሪካው ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ስለ አማቾችዎ የጻፉት ላይ ስደርስ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ደረጃው ቀዘቀዘኝ።

አክስቴ፣ ቀለበቱን ከመስኮቱ ያንሱት። ይህን ደብዳቤ ከማጠፍዎ በፊት ያንሱት። እዚህ የምንሰበሰብበት ቤት ውስጥ ከልዩ ልዩ አገር የመጣን ነን፤ ከመካከላችን አንዳንዶቹ በየአገራቸው ምን እንዳዩ ይናገራሉ። አንዱ የጫማ ጠጋኝ ነው። በእርሱ ከተማም መጀመሪያ የመጣው ዋጋ የማይጠይቅ ሰው ነበር አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጨረሰልኝም፤ ሻዩን ብቻ ጠጣ።

እኔ ነኝ ይህን ያመጣሁብዎ። እዚህ በነፃነት ስለምኖር ሰው ሁሉ እንደኔ የሚኖር መስሎኝ ነበር።

ቀለበቱንም አይላኩልኝ። መቅረጫውን በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ። አንድ መስመርም ቢሆን ቶሎ ይጻፉልኝ፤ «ደህና ነኝ» ብቻ ቢሆን ይበቃኛል።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 11

ይድረስ ለክብርት ወይዘሪት፣

ጤና ይስጥልኝ። የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። እርስዎ ያዘዙት ዓይነት ጌጥ በእኔ ወርቅ ቤት አይሠራም፤ ወደፊትም አይሠራም። አባትዎ ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ። መቅረጫው አያስፈልገኝምና አይላኩ። ስልክም ባይደውሉ እመርጣለሁ፤ ሥራ ይበዛብኛል።

ከአክብሮት ጋር
የወርቅ ቤቱ ባለቤት


ጥር 29፣ በሹፌሩ እጅ

አክስቴ፣ እናቴ፣

ሰላምታ ለማሳመር ጊዜ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ። ይህን የሚሰጥዎ ሰው የአባባ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ያ ረጅሙ፣ ሲስቅ የሚያስለው። ድንበር የሚሻገር የጭነት መኪና እንደሚነዳ ሰምቼ ጋራዥ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ከወንበሩ ልባስ ሥር ይደብቀዋል። እኔው ነኝ የሰፋሁለት።

በዕድሜዬ ሙሉ «እርስዎ» ብለውኝ አያውቁም። ደብዳቤውን ስከፍት ሰው የሞተ ነበር የመሰለኝ። ፖስታውም በጎኑ ተቀዶ በሙጫ ተለጥፏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ ስፌት አልይዝ ብሏል። ተቆጣጣሪዋ አንድ ሙሉ ወንበር አስፈታችኝና «ታመሻል?» አለችኝ። «አክስቴ ታማለች» አልኳት። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ የማየው የፖስታ ሣጥኑን ነው። ባዶ ሲሆን እፈራለሁ፤ የሆነ ነገር ሲኖርበት ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ።

አንድ ነገር አስቤያለሁና እባክዎ ይስሙኝ። ማን አዘዘዎ ብለው ከጠየቁዎት በእኔ ያላክኩት። ስሜን ይስጧቸው። ሁሉንም እርሷ ናት ያሠራችኝ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ ነው የላክሁት ይበሉ። እኔ ሩቅ ነኝ፤ ምን ያደርጉኛል? በእኔ የመጣ በእኔ ይለቅ።

አባባ ይወቅ አይወቅ እርስዎ ይወስኑ። ብቻ ይጻፉልኝ፤ አንቺ ብለው ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 14፣ በሹፌሩ እጅ

ጉንጬ፣ አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ፣

ሦስት ጊዜ ብዬሻለሁ፤ ያለፈውን ይካስልሽ። አሁን ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ከዚያ አንብቢ። በሕይወት አለሁ፤ ቤቴ ነኝ።

ያንን ደብዳቤ ስጽፍ ባለ ጃኬቱ ከኔው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱ እየነገረኝ ነው የጻፍኩት። «እርስዎ» የሚለውን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እሱ ጨዋነት መሰለው። ሌላ የማመለክትበት መንገድ አጣሁ። ስሜን ስጪ ያልሽው ደግሞ፣ የዋሂት፣ ስምሽ ከፖስታው ጀርባ ላይ በራስሽ እጅ ተጽፎ የለም እንዴ? አንቺን ከኔ በፊት ያውቁሻል። የሚፈልጉት እዚህ ያሉትን ነው።

በጥር መጨረሻ የናንተ ሰዎች ለጸሎት የተሰበሰቡበትን ቤት ሰብረው ገቡ። ሰዉ ሲበተን አንድ ቀለበት ከምንጣፍ ሥር ተገኘ። በማግስቱ ጠዋት መጡና ወሰዱኝ። ሱቄን መቆለፌን እንኳ አላስታውስም። በመኪናው ውስጥ ሳለሁ ስለ ምንም አላሰብኩም፤ ምድጃው ላይ ስለተውኩት ማቅለጫ ብቻ ነበር የማስበው። ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል ለካ፤ ትልቁን ትቶ ትንሹን ያስይዝሻል።

መርማሪው ትሑት ሰው ነው። ወንበር ሳበልኝ። ቀለበቱን ነጭ ወረቀት ላይ አኑሮ «ወይዘሮ፣ የእርስዎ ሥራ ነው?» አለኝ።

«ማኅተሜ አለበት። ብክድ ማን ያምነኛል?» አልኩት።

«ያምራል። ለማን ሠሩት?»

«ደንበኛ ይመጣል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። እኔ ፊት አልይዝም።»

«እጅስ?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ጉንጬ፣ ያን ጊዜ ምን እንደፈለገ ገባኝ። አንጥረኛ ፊት ይረሳል፤ ጣት ግን አይረሳም። እሱም ይህን ከሆነ ሰው ተምሯል።

ወደ ሌላ ክፍል አስገባኝ። ከዳር እስከ ዳር መጋረጃ ተጋርዷል፤ ከፊቱ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ከመጋረጃው ሥር የሴቶች እጆች ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፤ ፊታቸው አይታይም። ከክሊኒኩ ደጅና ከየቤቱ የሰበሰቧቸው ናቸው። «የሚያውቁትን ይንኩ» አለኝ።

አምስተኛው ላይ ስደርስ አወቅኋት። መገጣጠሚያው ወፍራም፣ ቆዳው በሳሙና የተበላ፣ ጥፍሩ እስከ ሥጋው የተቆረጠ። የአዋላጇ እጅ ነው። «አላውቅም» አልኩ። ስለ አንዷም እንደዚያው አልኩ፣ ስለ ሌላዋም፣ ስለ ሁሉም።

መርማሪው አልተቆጣም። ቀለበቱን አንስቶ ራሱ በየጣታቸው ይለካ ጀመር። የመጀመሪያዋን ሰፋት። ሁለተኛዋ ላይ ተሽከረከረ። ሦስተኛዋ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ከመጋረጃው ጀርባ የልጅ እግር ሴት ድምፅ መጣ፤ «ጌታዬ፣ እኔ ሕፃኔን ላስከትብ ነው የመጣሁት፤ ይህን ነገር አይቼው አላውቅም» እያለች ታለቅሳለች።

«ይቺ ናት?» አለኝ።

አይደለችም ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣም። አይደለችም ካልኩ «ታዲያ ማን ናት?» ሊለኝ ነው። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ቀረ። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እኔ ጠረጴዛውን አያለሁ። ይህን ሳልደብቅ የምጽፍልሽ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ነው።

ከዚያ ከአምስተኛው እጅ በኩል ድምፅ መጣ። ረጋ ያለ ነበር፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት የምታናግርበት ድምፅ። «ልጅቷን ልቀቋት። ቀለበቱ የኔ ነው፤ ባሃኢ ነኝ። የሠራችልኝም እሷ ናት። አላውቅም ያለችው ለኔ ፈርታልኝ ነው፤ አትቆጧት።»

መርማሪው ወደኔ ዞረ። «አንቺ ውሸታም አሮጊት» አለኝ። እርስዎ ማለቱን ያኔ ተወው።

ልጅቷን ለቀቋት። እኛን ሁለታችንን ቀድሞ የዕቃ ክፍል የነበረ ጠባብ ቤት ውስጥ ከተቱን። ግድግዳው ላይ የመደርደሪያ ምልክት አለ፤ መስኮት የለውም። በንዴት ተቃጠልኩ። «ለአንቺ ብዬ ስዋሽ አንቺ ታጋልጪኛለሽ?» አልኳት።

«ያቺ ልጅ ጡት የሚጠባ ሕፃን አላት። እኔ ነኝ ያዋለድኳት» አለችኝ።

«አትፈሪም አንቺ?»

እጇን አምጥታ በእጄ ላይ አኖረችው። እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። «ምጥ ይዟት 'አልፈራም' የምትለኝ ሴት ስትገጥመኝ እኔ ነኝ የምፈራው። ትግፋ እንጂ ትፍራ» አለችኝ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሁለታችንም እኩል እንደነግጥ ነበር፤ ማን ማንን እንደያዘ እንጃ። የምልክቱን ነገር ከሷም ልጠይቃት ብዬ ነበር፤ ሳልጠይቃት ወሰዷት። ወደ እስር ቤቱ ማደሪያ ቀየሩላት እንጂ አልፈቷትም።

እኔን ያስፈታኝ አባትሽ ነው። የሹፌርነት ኮፍያውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቤቱን ለዋስትና አስይዞልኝ ነው። ደጄ ስንደርስ «ያቺ ልጅ ጻፈች?» አለኝ።

«ጽፋለች።»

«ደህና ናት?»

«ፈርታለች።»

«ይበላት» አለ። ሊሄድ ብሎ ተመለሰና «እዚያ ምን እየበላች ነው የምትኖረው?» አለኝ።

ሱቄ ታሽጓል። መዶሻዬን፣ ወናፌን፣ ሞረዴን ሁሉ ወስደዋል። ከውጭ ኮቴ ስሰማ እስካሁን እቆማለሁ። የድመት ይሁን የሰው ሳልለይ እቆማለሁ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 2፣ በሹፌሩ እጅ

አክስቴ፣

እግዚአብሔር በሕይወት ስላቆየልኝ ምስጋና ይድረሰው። ደብዳቤውን ለብቻዬ ማንበብ አልቻልኩም። ጫማ ጠጋኙና ሚስቱ አጠገቤ ተቀምጠው ነው ያነበብኩት። ቋንቋችንን አያውቁም፤ የኔን ፊት እያዩ ነው የተከተሉት። ሲያልቅ ሴትዮዋ ምንም ሳትጠይቀኝ አቀፈችኝ።

ምላሴ ተጣበቀ ስላሉት እኔ ምን እላለሁ? እኔ እኮ በዚያ ክፍል ብሆን ኖሮ ሳልጠየቅ የምናገር ይመስለኛል። ሩቅ ሆኖ «ስሜን ይስጧቸው» ማለት ምንኛ ቀላል እንደነበረ አሁን ገባኝ።

እምነታችን ውስጥ እምነትን መካድ የለም፤ ስለዚህ አዋላጇ አይደለሁም አትልም። ይህን ሳውቅ ልኮራ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ፈራሁላት። በእኔ ሥዕል የተጀመረ ነገር እሷ ላይ ደረሰ። የሚጠይቃት ዘመድ አላት? ባል፣ ልጅ፣ ወንድም?

ደግሞ አውቅዎታለሁ፤ አንድ ነገር ያስባሉ። እባክዎ ወደ እስር ቤቱ ደጅ አይሂዱ። ዋስዎ አባባ ነው፤ ቤቱ በእርስዎ እግር ላይ ነው ያለው። እዚህ ያሉ ወዳጆች ለሚመለከታቸው ሁሉ እየጻፉ ነው፤ ለሷ የሚቻለው ሁሉ ይደረጋል። እርስዎ ቤትዎ ይቀመጡ። ከቻሉ ወደኔ ይምጡ፤ አልጋዬ ለሁለት ይበቃል። እኔ ወለሉ ላይ እተኛለሁ፤ ሲያንኮራፉም አልቆጣም።

ለአባባ በየቀኑ የምበላው ሩዝና ምስር ነው ይበሉልኝ። ጉንጬም አልከሳም ይበሉልኝ።

ልጅዎ


ግንቦት 6፣ በሹፌሩ እጅ

የኔ ልጅ፣

አንቺን የጠበቀ አምላክ አይተኛብሽ። ነይልኝ ያልሽውን ግብዣ ልቤ ሰምቷል፤ አጥንቴ ግን አሁን መንገድ አይችልም።

አትሂጂ ያልሽኝን አልሰማሁሽም። ዘመድ አላት ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺው ነሽ። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። እኅት ወንድሞቿ የእምነቷን ነገር ከሰሙ ወዲህ አይጠይቋትም አሉ። የክሊኒኩ ሰዎች ደግሞ ሥራችንን እናጣለን ብለው ይፈራሉ፤ አልፈርድባቸውም። ያቺ ሕፃኗን ልታስከትብ የመጣችው ልጅ ግን አንድ ቀን በሬን አንኳኳች። ዳቦና የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። «እኔ ባለቤቴ አይፈቅድልኝም። እርስዎ ያድርሱልኝ» ብላ ከእጄ አኖረችውና ሮጠች።

ድንቹ ሲቀዘቅዝ እያየሁ ተቀመጥኩ። ጉንጬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ራሴን እንዲህ ስል ሰማሁት፦ እኔው ልብላውና አድርሻለሁ ልበል። ከዚያ ነጠላዬን አነሳሁ።

እስር ቤቱ ደጅ ሰው በሰልፍ ይቆማል። ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም መሬት መሬት ነው የሚያየው። ተራዬ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ከሰልፉ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ «ይግቡ ወይ ይውጡ እንጂ እትዬ፣ እኔንም አዞሩኝ» አሉኝ።

በመስኮቱ በኩል ያለው ዘበኛ ወጣት ነው፤ ጉንፋን ይዞት አፍንጫውን ይስባል። «ለማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። እስክሪብቶውን አቆመ። የባሃኢዎቹ ሰው መሆኗን ሲያውቅ ፊቱ ተለወጠ።

«ለሷ ከዘመድ በስተቀር አይገባም» አለ። «ምኗ ነዎት?»

ደንበኛዬ ናት ልል ነበር። ጎረቤቴ ልል ነበር። ወይም እንደመጣሁ መመለስ እችል ነበር፤ ማንም አልያዘኝም። እግሬ ሥር ያለው ሲሚንቶ እንኳ ሂጂ የሚለኝ ይመስል ነበር።

«እኅቷ ነኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እሷ ጠይም ረጅም ናት፣ እኔ እንደምታውቂው ቀይ ድንክ። «በእናት ነው በአባት?»

«በሁለቱም» አልኩ።

ይስቅብኛል ወይ አለቃውን ይጠራብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አፍንጫውን ጠረገና ጻፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ እኅቷ ብዬ ስጽፍዎ እርስዎም ከነሱ ጋር ነው የሚቆጠሩት፤ ያውቁታል?» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሊመልሰኝ ፈልጎ ነው።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ይፈርሙ» አለኝና ፈረምኩ። ምግቡን ተቀበለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ግንብ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ደፍራለች ብለሽ እንዳታወሪልኝ። አልደፈርኩም። እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርኩት ይልቅ አሁን የበለጠ ፈርቻለሁ፤ ያኔ የምደብቀው ነበረኝ፣ አሁን ምንም የለኝም።

ለአባትሽ ሳልነግረው ብቀር ቤቱ የሱ ነውና ግፍ ይሆንብኛል ብዬ ሄጄ ነገርኩት። ለዋስትና ያስያዝከው ቤት ሊወሰድ ይችላል፣ ብትጮህብኝ ልክ ነህ አልኩት። አልጮኸም። ከዚያ «ምግብ የሚቀበሉት መቼ ነው?» አለኝ።

«በየሐሙሱ።»

«አንቺ ብቻሽን ሄደሽ ሰልፉ ላይ ብትወድቂስ?»

መሐረቡን አውጥቶ መነጽሩን ጠረገ። «እኔ ብመጣ» አለ፣ «ዘበኛው ሲጠይቀኝ ምኗ ነኝ ልበለው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

ተነሥቶ ከአልጋው ሥር ጫማውን ጎትቶ አወጣ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ መወልወልም ጀመረ። ነገ ሐሙስ ነው።

አዋላጇ እዚያ ወለሉ ይበርዳታልና ወፍራም የሱፍ ካልሲ ላኪልኝ። ለሰፊ እግር የሚሆን።

አክስትሽ